ተከታታይ ሳይፋይ ድራማችንን ወደ ሙሉ ፊልም ልንቀይረው ነው፤ ምኑን ይዘን ምኑን እንተው?

ባለደንገል፦

ሰላም ቤተሰብ። ከባሕር ዳር ነኝ። ጥያቄዬ ትንሽ ይረዝማል፣ ታገሡኝ።

ከአራት ጓደኞቼ ጋር ሆነን አንድ ሳይፋይ (የሳይንስ ልብ ወለድ) ተከታታይ ድራማ ሠርተን ዩቲዩብ ላይ ለቀናል። ስምንት ክፍል ነው፤ አንዱ ክፍል ሃያ ደቂቃ አካባቢ ይሆናል። ላላያችሁት ታሪኩ እንዲህ ነው። ዘመኑ ከዛሬ መቶ ዓመት በኋላ ነው። ጣና ሸሽቷል። አሁንም ቢሆን እኮ ጥልቅ የሚባለው ቦታ ከ14 ወይም ከ15 ሜትር አያልፍም፤ ሐሳቡ የመጣልን ከዚያ ነው። ደሴቶቹ ከየብስ ገጥመዋል። ዛሬ በጀልባ የምንሄድባቸው ገዳማት በእግር ይደረስባቸዋል። ውሃ የቀረው መሃሉ ላይ ብቻ ነው። እዚያ በደንገል ታንኳ የምትቀዝፍ አንዲት ሴት አለች። ሌሊት ሌሊት ከሐይቁ ሥር ቁጥር የሚቆጥር ድምፅ ትሰማለች። ቁጥሩ በየቀኑ በአንድ ይቀንሳል። ወንድሟ ድምፁን ፍለጋ ወርዶ በዚያው ቀርቷል። ከዚያ አሮጌ መሣሪያ የሚጠግነው መምህር አለ፣ የውሃ ጠባቂዎቹ አሉ፣ ከጎርጎራ የሚመጣው ነጋዴ አለ፣ እያልን ስምንት ክፍል ሄድን።

አሁን አንድ ሰው ወጪውን ልሸፍን፣ ወደ መቶ ደቂቃ ፊልም ቀይሩት ብሎናል። ሲኒማ ቤት የሚገባ ፊልም ማለት ነው። ደስ ብሎን ያለንን ቀረጻ ሁሉ ሰብስበን ቆራርጠን አንድ ሰዓት ከሃምሳ ደቂቃ አደረግነው። ከዚያ ድራማውን ጨርሶ ያላዩ ስድስት ሰዎች አንድ ጓደኛችን ቤት ጠርተን አሳየናቸው። አርባኛው ደቂቃ ላይ ከፊት የተቀመጠ ልጅ ወደ እኔ ዞሮ «ይቺ ሴትዮ ግን ምንድነው የምትፈልገው?» አለኝ። መልስ አልነበረኝም። ስምንት ክፍል ጽፌ መልስ አልነበረኝም።

ምን ትላላችሁ? ድራማው ካቆመበት የሚቀጥል አዲስ ታሪክ እንጻፍ ወይስ ያንኑ ታሪክ እንደ አዲስ እንንገረው? ገጸ ባሕርያት እንቀንስ? ድራማውን የሚወዱት ሰዎችስ አይቀየሙንም?

የዓባይ ማዶ፦

እህቴ መጀመሪያ እንኳን ደስ ያላችሁ። ስምንቱንም አይቻቸዋለሁ፣ ሰባተኛውን ሁለት ጊዜ። ባለሙያ አይደለሁም፣ ተመልካች ነኝ።

እኔ የእናንተን ድራማ የማየው ማታ ከሥራ ገብቼ ጫማዬን አውልቄ፣ እራት እስኪቀርብ ነው። አንዳንዴ መሃሉ ላይ ስልክ ይደወላል፣ አንስቼ አውርቼ እመለሳለሁ። ባለታንኳዋ ጎረቤቴ ሆናለች ማለት ይቻላል። ዛሬ ምን አጋጠማት ብዬ ነው የምከፍተው፤ ምንም ካላጋጠማት ደግሞ ቅር አይለኝም። ሲኒማ ቤት ግን ብር ከፍዬ ጨለማ ውስጥ ስቀመጥ ጎረቤት ልጠይቅ አይደለም የሄድኩት። የሆነ ነገር እንዲደርስባት ነው። ከዚያ በኋላ የድሮዋ ሴት ልትሆን የማትችልበት ነገር። ስለዚህ ቆራርጦ መስፋቱን ተዉት።

አንድ ቀጭን ነጋዴ ማየቴ አይቀርም ብዬ ግን እጠብቃለሁ፣ እሱን ስወደው!

ኤዲተሩ፦

ሥራዬ ኤዲት ማድረግ ነው፣ ሠርግም ድራማም ፊልምም እቆርጣለሁ። የዓባይ ማዶ ያለው ትክክል ነው፤ ትንሽ ልጨምርበት። ይረዝማል።

እናንተ የገጠማችሁ ነገር አዲስ አይደለም። እ.ኤ.አ. በ1953 ቢቢሲ «ዘ ኳተርማስ ኤክስፐሪመንት» የሚባል ሳይፋይ ድራማ ነበረው። ስድስት ክፍል፣ እያንዳንዱ ግማሽ ሰዓት አካባቢ፣ የሚተላለፈውም በቀጥታ ነው። ሮኬት ሦስት ሰው ይዞ ወጥቶ አንድ ሰው ብቻ ይዞ ይመለሳል፤ የተመለሰውም ቀስ በቀስ ሌላ ፍጥረት ይሆናል። በ1955 ሃመር የሚባለው የፊልም ድርጅት ያን ሦስት ሰዓት ወደ 82 ደቂቃ አወረደው። ልብ በሉ፣ ከግማሽ በላዩ ተጥሏል። መጨረሻውም ተቀይሯል። ድራማው ላይ ፕሮፌሰሩ ፍጥረቱ ውስጥ የቀሩትን ሦስት ሰዎች በንግግር ይማጸናቸዋል፣ እነሱም ሰምተውት ፍጥረቱ ይሞታል። ፊልሙ ላይ ግን በኤሌክትሪክ ነው የሚገድሉት። ደራሲው ናይጄል ኒል በፊልሙ ደስተኛ አልነበረም። እኔ ደግሞ ሁለቱንም ወገን እረዳለሁ። ሲኒማ ቤት ውስጥ መብረቅ የመሰለ ነገር ዓይን ይሞላል፤ የሰው ልጅ በሰው ልጅ ድምፅ መመለሱ ግን የታሪኩ ነፍስ ነበር። ርዝመቱን ቀንሱ፣ መንገዱን ቀይሩ፣ ነፍሱ ግን ምን እንደሆነ ሳታውቁ መቀስ አታንሱ። ያ ልጅ የጠየቀሽ እኮ ይህንኑ ነው።

ሌላው «ስታር ትሬክ» የሚባለው የጠፈር መርከብ ድራማ ነው። ቴሌቪዥን ላይ ከ1966 እስከ 1969 ድረስ 79 ክፍል ሄዷል። የመጀመሪያው ፊልም በ1979 ወጣ። መነሻው ሊሠራ ታስቦ ለነበረ አዲስ ተከታታይ ድራማ መክፈቻ የተጻፈ ስክሪፕት ነው፤ ያንን ለጥጠው ከሁለት ሰዓት በላይ አደረጉት። ውድ ፊልም ነው፣ ያምራል፣ ግን መርከቧን እየዞሩ ሲያዩ፣ ደመናውን ሲያዩ ደቂቃው ይሄዳል። በ1982 የወጣው ሁለተኛው ከዚያ በጣም ባነሰ ብር ነው የተሠራው፤ ከመጀመሪያው ፊልም የተረፈ የስቱዲዮ ግንባታና የተቀረጸ ሾት ሳይቀር ተጠቅመዋል። ታዲያ ሕዝብ እስከ ዛሬ የሚያነሣው ሁለተኛውን ነው። ለምን? ከ79ኙ ክፍል አንዱን ብቻ፣ በ1967 የተላለፈውን፣ ካን የሚባል ሰው ያለበትን ክፍል፣ መዘዙ። የመርከቧ ካፒቴን ያኔ ካንን አንድ ፕላኔት ላይ አውርዶት ሄዷል፤ ዞሮም አላየውም። 15 ዓመት አልፎ ያ ሰው ቂሙን ይዞ መጣ። ድራማውን ያላየ ሰው «ይሄ ሰውዬ ጥሎኝ ሄደ ብሎ ነው የተቆጣው» ብሎ ይገባዋል። ያየ ሰው ደግሞ የቆየ ቁስል ይነካበታል።

አሁን ወደናንተ ልምጣ። ሦስተኛው ክፍል ላይ አንድ ሾት አላችሁ። ባለታንኳዋ ከሐይቁ ትወጣለች። ታንኳውን ትጎትትና እንዲጠፈጠፍ ዛፍ ላይ ታቆመዋለች፣ አሁንም ዳር ላይ እንደሚደረገው። ካሜራው አይንቀሳቀስም። ውሃው ከደንገሉ ሥር ጠብ ጠብ ይላል። ከዚያ የታሰረው ገመድ መሃል የወንድሟ መብራት፣ ያ ትንሿ ቀይ መብራት፣ አንድ ጊዜ ብልጭ ትላለች። እሷ አላየችም። እኛ አየን። ስንት ሰከንድ ነው? አርባ ይሆናል። እኔ ኤዲተር ሆኜ እዚያ ሾት ላይ ለመቁረጥ እጄ አይታዘዘኝም። ፊልማችሁ ያለው እዚያ ነው። አንዲት ሴት የጠፋ ወንድሟን ይዛ እየቀዘፈች ነው፣ አብሯት እንዳለ ግን አታውቅም። ነጋዴውም ጠባቂዎቹም ለዚህ ካልጠቀሙ ይቅሩ።

ሰባት ጊዜ ያየሁት፦

ወንድሜ ኤዲተሩ፣ ያልከው ያሳምናል፤ ግን እኛ ድራማውን ከመጀመሪያው ጀምረን የተከተልነው ሰዎች የትም አይደለንም? እኔ መምህሩን ስለምወደው ነው እዚህ የደረስኩት። የተሰበረ ሬዲዮ ሲጠግን እያጉረመረመ ከሬዲዮው ጋር የሚያወራው ነገር፣ አባቴን ነው የሚያስታውሰኝ። እሱን አውጥታችሁ የምትሠሩት ፊልም የኛ ድራማ አይደለም።

ደግሞ አዲስ ታሪክ ነው መሆን ያለበት እላለሁ። ስምንተኛው ክፍል ላይ ቁጥሩ ዘጠኝ ደርሶ ነው የቆመው። ከዘጠኝ ቀጥሉ። ያላየ ሰው ካለ ዩቲዩብ ላይ ገብቶ ይይ፣ በነፃ ነው እኮ።

ኤዲተሩ፦

@ሰባት ጊዜ ያየሁት ወዳጄ፣ ፍቅርህ ይገባኛል፣ እንዳንተ ያለ ተመልካች ባይኖር ፊልሙም አይታሰብም ነበር። ግን «ገብቶ ይይ» የሚለው ነገር አያዋጣም።

«ፋየርፍላይ»ን ታውቀው እንደሆነ አላውቅም። በ2002 የተላለፈ የጠፈር ድራማ ነው። 14 ክፍል ተሠርቶ 11 ብቻ እንደተላለፈ ተቋረጠ። የመክፈቻውን ክፍል እንኳ መጨረሻ ላይ ነው ያሳዩት፣ በቅደም ተከተል አላስተላለፉትም። ወዳጆቹ አልተዉትም፣ ጮሁ፣ ዲቪዲውን ገዙ፣ በ2005 «ሴሬኒቲ» የሚባል ፊልም ተሠራ። ወጪው ወደ 40 ሚሊዮን ዶላር፣ ሲኒማ ቤት ያስገባውም ወደ 40 ሚሊዮን። ያን ያህል የሚወድ ተመልካች ኖሮት እንኳ ወዳጅ ብቻውን ሲኒማ ቤት አይሞላም።

ግን አሠራሩን እዩልኝ። ድራማው ላይ ሐኪሙ ልጅ እኅቱን ከተያዘችበት ቦታ ያስወጣት በብር፣ በሌሎች ሰዎች በኩል ነው። ፊልሙ ላይ ራሱ ገብቶ ያወጣታል። ታሪኩን ቀየሩት! ወዳጆቹም ይህን አስተውለዋል። ግን አዲስ ተመልካች በአምስት ደቂቃ ውስጥ ይህ ልጅ ለእኅቱ ምን ያህል እንደሚሄድ በዓይኑ አየ። ቀጥሎ ካፒቴኑ መርከቧ ውስጥ እየተራመደ ከአንዱ ሠራተኛ ወደ ሌላው ሲያልፍ ካሜራው ሳይቆረጥ ለደቂቃዎች ይከተለዋል። እየተነጋገሩ፣ እየተጨቃጨቁ። ሲያልቅ ሁሉንም ታውቃቸዋለህ፣ መርከቧንም ከላይ እስከ ታች ታውቃታለህ። ማንም ቆሞ «እኔ እገሌ ነኝ» አላለም።

የተቃራኒው ምሳሌ «ኤክስ ፋይልስ» የሚባለው የአሜሪካ ተከታታይ ድራማ ነው። ፊልሙ በ1998 ሲወጣ ድራማው ገና እየሄደ ነበር፣ በአምስተኛውና በስድስተኛው ምዕራፍ መሃል። ፊልሙ የተቀረጸው ደግሞ አምስተኛው ምዕራፍ ከመተላለፉ በፊት ነው። ስለዚህ ምዕራፉን ሲጽፉ መድረሻው ቀድሞ ታስሯል፣ ፊልሙም ከኋላው ስድስተኛ ምዕራፍ ስለሚጠብቀው ነገሩን መዝጋት አልቻለም። ለእኔ በር ገርበብ ብሎ የቀረ ፊልም ነው።

መምህሩ ግን ይቆይ። እስማማለሁ። እሷን የሚያናግራት ሰው ያስፈልጋል፣ ካለዚያ ለብቻዋ ልታወራ ነው።

ነፋስ ከሰሜን፦

የኔ ሥራ ድምፅ ነው፣ የሰው ፊልም ላይ ማይክ እይዛለሁ። ሁላችሁም ስለ ታሪክ አወራችሁ፣ እኔ ስለ ጆሮ ላውራ።

ድራማችሁን ሰው የሚያየው በስልክ ነው። የስልክ ስፒከር ወፍራሙን ድምፅ አያወጣውም። ለዚህ ነው ያ ከሐይቁ ሥር የሚቆጥረው ድምፅ ቀጭን፣ ቆርቆሮ ቆርቆሮ የሚል የሆነው፣ እንዲሰማ ብላችሁ ነው ያቀጠናችሁት አይደል? ሲኒማ ቤት ግን ትልቁ ስፒከር አለላችሁ። እዚያ ድምፁን አወፍሩት። ሰው በጆሮው ከመስማቱ በፊት ወንበሩ ይንቀጥቀጥለት። ይሄ ስምንት ክፍል ሙሉ ልታደርጉት ያልቻላችሁት ነገር ነው። ወደ ፊልም መቀየር ለእኔ እንዲህ ያለው ነው።

ሌላ ልጨምር። ድምፅ በውሃ ውስጥ ከአየር ይልቅ ከአራት እጥፍ በላይ ይፈጥናል። ስለዚህ ጭንቅላትህን ውሃ ውስጥ ስትከት ድምፁ ሁለቱም ጆሮህ ጋ እኩል የደረሰ ይመስልሃል፣ ከየት አቅጣጫ እንደመጣ አታውቅም። እኔ ልጅ ሆኜ ጣና ውስጥ ስንዋኝ የጀልባ ሞተር ስሰማ በየትኛው በኩል እንደሚመጣ ግራ ገብቶኝ በድንጋጤ ወጥቼ አውቃለሁ። ባለታንኳዋ ይህን ማወቅ አለባት። ከላይ ስትሆን ድምፁ ከአንድ በኩል ነው፤ ስትጠልቅ ከሁሉም በኩል ነው። ወንድሟ የጠፋው በዚህ ይሆን? እኔ አላውቅም፣ ደራሲዋ አንቺ ነሽ።

ሥራውን በተመለከተ ደግሞ፣ ውሃ ላይ ንግግር ያለበትን ትዕይንት ጠዋት ጨርሱት። ከሰዓት ነፋሱ ይነሣል፣ ማዕበሉ ጀልባውን ይመታል፣ ማይኩ ውስጥ ሌላ ምንም አይቀርም። ክረምት ላይ የቀረጻችሁትን ከበጋው ጋር አታቀላቅሉ። ክረምት ገባር ወንዞቹ ደለል ይዘው ስለሚገቡ ውሃው ቡኒ ይሆናል፤ ስምንተኛው ክፍል ላይ በአንድ ንግግር መሃል ቀለሙ ሁለት ጊዜ ተቀይሯል። ስልክ ላይ ያመልጣል፣ ሸራ ላይ ይጮሃል። እምቦጩንም አትመኑት፤ ዛሬ ያያችሁት ቦታ ነገ ነፋስ ወስዶት ባዶ ሆኖ ይጠብቃችኋል።

ጥቁር ካባ፦

አጭር ነገር። አምስት ሆናችሁ ነው የጻፋችሁት፣ አሁን የውጭ ብር ሊገባ ነው። ከመቅረጻችሁ በፊት ታሪኩ የማን እንደሆነ፣ ፊልም የማድረግ መብቱን ለማን በምን ያህል እንደሰጣችሁ በወረቀት ይሁን፣ አምስታችሁም ፈርሙ። የቅጂና ተዛማጅ መብቶች አዋጅ ቁጥር 410/1996 አለ፣ አንብቡት። ተዋናዮቹም ለድራማው የፈረሙት ውል ካለ ፊልሙን አይጨምር ይሆናል። በጓደኝነት ተጀምሮ በፍርድ ቤት ያለቀ ሥራ በዓይኔ አይቻለሁና ነው።

የዓባይ ማዶ፦

መቶ ደቂቃ የግድ ነው እንዴ ግን? እ.ኤ.አ. በ2015 እዚሁ አገራችን የተቀረጸው «ክራምብስ» የሚባለው ሳይፋይ 70 ደቂቃ እንኳ አይሞላም። ዳይሬክተሩ ስፔናዊው ሚጌል ያንሶ ነው፣ ዋናው ተዋናይ ዳንኤል ታደሰ። ዳሎል ላይ ሄደው ያለውን መሬት፣ ያለውን የፈረሰ ነገር እንዳለ የመጪው ዘመን ዓለም አድርገውታል። ምንም አልገነቡም ማለት ይቻላል። እናንተም ጋ ጣና አለ። ብሩን ገጸ ባሕርይ ለመደርደር ከምታወጡት...

ባለደንገል፦

ሁላችሁንም እግዜር ይስጥልኝ። ከምር። ሦስት ቀን ዝም ያልኩት እየጻፍኩ ስለነበር ነው።

እንዲህ ወስነናል። ታሪኩን እንደ አዲስ እንነግረዋለን፣ ከመጀመሪያው። ነጋዴውና ጠባቂዎቹ ወጥተዋል (የዓባይ ማዶ ይቅርታ፣ እኔም አልቅሼ ነው ያወጣሁት)። መምህሩ አለ። ድራማው ላይ ዝም ብሎ የሚያውቃት ሰው ነበር፤ አሁን መብራቷን ሠርቶ ለወንድሟ የሰጠው፣ ሂድ ውረድ ያለውም እሱ ነው። እሷ ይህን አታውቅም። ስለዚህ ሬዲዮ እየጠገነ ሲያጉረመርም የምናየው በሌላ ዓይን ነው። ሰባት ጊዜ ያየሁት፣ አባትህን እንዳላበላሸሁብህ ተስፋ አደርጋለሁ።

ቁጥሩ ላይ ስታወሩ ሌላም ነገር ተገለጠልኝ። ድራማው በየሳምንቱ ስለሚወጣ ሰው ቁጥሩ ስንት እንደደረሰ ይረሳዋል፤ እኛም በየክፍሉ መክፈቻ ላይ ማስታወስ ነበረብን። ፊልም ላይ ግን አይረሳም። በአንድ ቁጭታ ነው። ከአርባ ይጀምራል። አንድ ቀን አንድ ቁጥር፣ አርባ ቀን። ለፕሮዲዩሰሩ ርዝመቱ ሰማንያ አምስት ደቂቃ ነው አልነው፣ ትንሽ አንገራግሮ እሺ አለ። ወረቀቱንም ትናንት አምስታችንም ፈርመናል፣ ጥቁር ካባ አመሰግናለሁ።

መክፈቻው ያ የታንኳው ሾት ነው። ጥቁር ሸራ፣ የውሃ ጠብታ ድምፅ፣ ከዚያ ደንገሉ። መብራቷ ብልጭ ስትል ከሥር ወፍራሙ ድምፅ «አርባ» ይላል። እሷ ጀርባዋን ሰጥታ ፀጉሯን እየጨመቀች ነው። ሰው እስካሁን ስሟን አያውቅም።

አሁን አንድ እርዳታ እፈልጋለሁ። አዲስ ታንኳ ደረቅና ቢጫ ነው፣ ጥቂት ከተቀዘፈበት በኋላ ውሃ ጠጥቶ ይከብዳል፣ ቀለሙም ይጠቁራል። ድራማው ላይ አንዱን ታንኳ መጀመሪያም መጨረሻም ስለተጠቀምንበት አንዴ አዲስ አንዴ አሮጌ ይመስላል። ለፊልሙ ሦስት እንፈልጋለን፤ አንድ አዲስ፣ አንድ የሰነበተ፣ አንድ ሊፈርስ የደረሰ። የሚሠራልን ሰው የምታውቁ ጠቁሙኝ፣ ዋጋውን እንከፍላለን።

ነፋስ ከሰሜን፣ አንተ ደግሞ ቅዳሜ ጠዋት 12 ሰዓት ላይ ጊዜ ካለህ ማይክህን ይዘህ ና። ጀልባ ተከራይተናል። ነፋሱ ሳይነሣ ውሃው ሥር ማይክ ከትተን ምን እንደሚሰማ መስማት እፈልጋለሁ።

ነፋስ ከሰሜን፦

እመጣለሁ። ማይኩን የምንጠቀልልበት ነገር እኔ አመጣለሁ፣ እናንተ ረጅም ገመድ ያዙ። ሞተሩን አጥፍተን ነው የምንቀዳው፣ ስለዚህ ቀዛፊ ይኑር።